ፋይል መጋራት ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው? ከባርበርሾፕ ዜማ እስከ ዊንዶውስ 10 ስንብት

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የሚኖረውን ሮብ ቶፖልስኪ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ የቤቱ ኢንተርኔት ግራ አጋባው። ቶፖልስኪ ባርበርሾፕ የሚባለውን፣ አራት ሰዎች ያለ መሣሪያ በኅብር የሚያዜሙትን የአሜሪካውያን የጥንት ሙዚቃ ወዳድ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተዜሙ፣ ከገበያ ከጠፉ ዘመናት ያስቆጠሩ ዘፈኖችን ለመሰሎቹ ለማካፈል፣ ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚያቀባብሉ እንደ ቢትቶረንት ባሉ ፕሮግራሞች ቢሞክርም ፋይሉ አልሄድ አለ። ሙያው ነውና በመስመሩ ላይ የሚመላለሰውን መረጃ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ግንኙነቱ እንዲቋረጥ የሚያዝዙ መልእክቶች ከወዲያኛው ኮምፒውተር የተላኩ መስለው ይደርሱታል፤ ወዲያኛው ኮምፒውተር ግን አልላካቸውም። በሁለቱ መካከል ገብቶ፣ በሌላው ስም እየፈረመ የሚያቆራርጣቸው ሦስተኛ አካል ነበር። ያም አካል በየወሩ ገንዘብ የሚከፍለው የኢንተርኔት አቅራቢው ኮምካስት ነው።

ቶፖልስኪ ያየውን ለሌሎች ባለሙያዎች ነገራቸው። ኩባንያው ምንም ዓይነት ፕሮግራም አልዘጋሁም አለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ነገሩን ራሱ ፈተነው። ለሙከራ የተመረጠው ፋይል መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም። አሜሪካ ውስጥ ማንም እንደ ልቡ ሊያባዛው ይችላል፤ መጠኑም ከአንድ ዘፈን አይበልጥም። ከሦስቱ ሙከራዎች ሁለቱ ተቋረጡ፤ ሦስተኛው የጀመረው ከ10 ደቂቃ መጓተት በኋላ ነው። የኩባንያው መሣሪያ የሚያልፈው መጽሐፍ ቅዱስ ይሁን የተሰረቀ ፊልም አይለይም ነበር። የሚያየው ፋይሉ የሚላክበትን ዘዴ ብቻ ነው፤ በዘዴው ላይ ደግሞ አስቀድሞ ተፈርዶበታል።

የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኦገስት 2008 በሦስት ድምፅ ለሁለት ኮምካስት ድርጊቱን እንዲያቆምና መስመሩን እንዴት እንደሚያስተዳድር ለደንበኞቹ በግልጽ እንዲያሳውቅ አዘዘ። በኤፕሪል 2010 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ብዙ ሰው ይህንን ሽረት ለኮምካስት ድርጊት እንደተሰጠ ይሁንታ ይቆጥረዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ያለው ኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ የሚያስችል ሥልጣን በሕግ አልተሰጠውም ነው። ኩባንያው በበኩሉ ደንበኞቹ በጋራ የመሠረቱበትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘጋው።

ይህን ታሪክ ዛሬ ማንሳት ያስፈለገኝ የኮምካስት መሣሪያ ያደርገው የነበረውን አሁን ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ሲያደርጉት ስለማይ ነው። በኮምፒውተር ጉዳይ ሌላውን የሚረዱ ሰዎች፣ የመሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያዎች፣ የጥገና ቤት ሠራተኞች፣ በየዘመዱ ቤት ኮምፒውተር እንዲያስተካክሉ የሚጠሩ ወጣቶች፣ በቢትቶረንት ለሚወርድ ነገር የተለመደውን፣ ቶረንት የሚለውን ስም ሲሰሙ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አያደምጡም። አንዱ ‹‹እሱ ሕገወጥ ነው፣ አልነካውም›› ይላል። ሌላው ‹‹ቫይረስ ነው፣ አጥፋው›› ይላል። ጠያቂው ሊያወርድ የፈለገው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ነገሩ ደግሞ አሁን አስቸኳይ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አገልግሎታቸውን በደንብ የሚሰጡ በጣም ብዙ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። የአገራችን ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ከውጭ በገቡ አሮጌ ላፕቶፖች የተሞሉ ናቸው። ለእነዚህ ማሽኖች ካሉት ጥሩ አማራጮች አንዱ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊነክስ ነው፤ ነፃ ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። እንቅፋቱ ማውረዱ ላይ ነው። ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ 24.04 ብቻውን ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ መስመር በሚዋዥቅበት አካባቢ 6 ጊጋባይት በብራውዘር ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አምስቱ ጊጋባይት ከወረደ በኋላ ይቋረጣል፣ አንዳንዴ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያም የከፋው፣ እስከ መጨረሻው ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቶ ይገኝና ችግሩ የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ላይ ሊጫን ሲል ነው። ያ ሁሉ የተገዛ ዳታ ባከነ ማለት ነው።

ኡቡንቱም፣ ሌላው የሊነክስ ዓይነት ዴቢያንም ለዚህ መፍትሔውን በራሳቸው ገጽ ላይ አስቀምጠውታል። ከተለመደው የማውረጃ ቁልፍ ሌላ፣ ትልቁን ፋይል በቢትቶረንት ለማውረድ የሚያስችል ትንሽ የቶረንት ፋይል ይገኛል። አዘጋጆቹ ራሳቸው የሰጡት ነው። አሳዛኙ ነገር፣ ይህንን መንገድ ከማንም በላይ የሚፈልገው ደካማ መስመር ያለው ሰው ነው፤ ‹‹አትንካው›› የሚለው ምክር የሚጎዳውም እሱኑ ነው።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግማሹን ፍርሃት ያስወግዳል። ቢትቶረንትን ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ2001 ሠራው። ችግሩ ግልጽ ነበር። አንድ ትልቅ ፋይል ከአንድ ቦታ ሺህ ሰው ሲያወርደው ሰርቨሩ ይጨናነቃል፤ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ሁሉም ይዘገያል። ኮኸን ይህንን ገለበጠው። ፋይሉ በትንንሽ ቁራጮች ይከፈላል። አንድ ቁራጭ ያገኘ ሁሉ ያንኑ ቁራጭ ለሌላው መስጠት ይጀምራል፤ ስለዚህ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ሰጪም ይበዛል። ፕሮግራሙ በአብዛኛው ቅድሚያ የሚፈልገው ጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ ያለውን ቁራጭ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ድንገት ቢወጡ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ እንዳይቀር። አሰጣጡ ደግሞ ገበሬዎቻችን ወንፈል ከሚሉት የሥራ ልውውጥ ጋር አንድ ነው። ለእኔ ለሠራልኝ እሠራለታለሁ። ፕሮግራሙ ብዙ ለሚሰጡት ብዙ ይሰጣል፤ በየ30 ሰከንዱ ግን ለአንድ ያልታወቀ አዲስ ሰው ዕድል ይከፍታል፤ ገና ምንም የሚሰጠው የሌለው ጀማሪ መግቢያ እንዲያገኝ። ያቺ የ30 ሰከንድ ዕድል ባትኖር አዲስ የመጣ ሰው ለዘላለም ደጅ ይጠና ነበር።

ከሁሉ በላይ ለእኛ የሚጠቅመው ማረጋገጫው ነው። የቶረንት ፋይሉ ውስጥ የእያንዳንዱ ቁራጭ ዲጂታል አሻራ ተመዝግቧል። ቁራጩ ሲደርስ ኮምፒውተሩ አሻራውን ያሰላል፤ ካልገጠመ ይጥለውና ያንን ቁራጭ ብቻ እንደገና ይጠይቃል። መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቋረጥ፣ በማግስቱ ከቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ከማይታወቁ ሰዎች የመጣ ቁራጭ አደገኛ ነው የሚለው ስጋት ቦታውን ስቷል። መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ቁራጮቹ ሰጪዎች ሳይሆን ስለ ቶረንት ፋይሉ ምንጭ ነው። ከአዘጋጁ ከራሱ ገጽ ከተወሰደ፣ ፕሮግራሙ የሚቀበለው አዘጋጁ ካስቀመጠው ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው። ከማይታወቅ ቦታ ከተወሰደ ደግሞ አሻራው የሚያረጋግጠው የአጭበርባሪውን ፋይል ትክክለኛ ቅጂ ነው። ለጠያቂ ሊነገር የሚገባው ይህ ነበር፤ ‹‹ቫይረስ ነው›› ከሚለው ይልቅ ይህ ሰውን ይጠብቃል።

በዚህ መንገድ በሕጋዊነት የሚጓዘው ነገር ብዙ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ከ2012 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስብስቦቹን በቶረንት ያቀርባል። የኖርዌይ የሕዝብ ብሮድካስተር ኤንአርኬ ከበርገን እስከ ኦስሎ ሰባት ሰዓት የሚፈጀውን የባቡር ጉዞ ቀርጾ በ2009 ካስተላለፈ በኋላ፣ ሕዝቡ እንዲያወርደው በቢትቶረንት ለቀቀው። ብሊዛርድ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ማሻሻያዎቹን ለተጫዋቾች በዚሁ ዘዴ ያደርስ ነበር። ቢትቶረንት ባይሆንም፣ ስካይፕም ሲጀመር የሚሠራው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በማቀባበል ነበር፤ ስፖቲፋይም እስከ 2014 ድረስ ዘፈኖቹን የሚያደርሰው ከፊሉን ከአድማጮቹ ኮምፒውተሮች እያቀባበለ ነበር። ዊንዶውስ 10 ራሱ በ2015 ሲወጣ፣ የማሻሻያ ፋይሎችን ከሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር እየወሰደ ለሌሎችም እየሰጠ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በቤት ኮምፒውተሮች ላይ ተጠቃሚው ሳይጠየቅ የበራ ነበር። ቶረንትን በመርህ አልነካም የሚል ባለሙያ በጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን ይህንኑ ሲያደርግ ሊከርም ይችላል።

ፍርሃቱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም፤ ይህንን መካድ ውሸት ይሆናል። ናፕስተር በ1999 ሲከፈት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶች ዘፈን በነፃ ለመለዋወጥ ጎረፉበት፤ በፍርድ ቤት ተሸንፎ በ2001 ተዘጋ። እሱን የተኩት እነ ካዛ በውስጣቸው የማስታወቂያና የስለላ ፕሮግራም ጠቅልለው ይጭኑ ነበር። ላይምዋየር የተባለውን ሌላ የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም በግዴለሽነት የጫነ ሰው አንዳንዴ ዘፈን ያጋራ መስሎት የሰነድ ማኅደሩን በሙሉ ለዓለም ይከፍት ነበር። በፌብሩዋሪ 2010 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የደንበኞችና የሠራተኞች ምስጢራዊ መረጃ በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች እንደሾለከ ለ100 ገደማ ድርጅቶች በደብዳቤ አሳውቋል። የቀረጻ ኩባንያዎች ማኅበር በሴፕቴምበር 2003 በአንድ ቀን 261 ሰዎችን ከሰሰ፤ ከተከሳሾቹ አንዷ የ12 ዓመት የኒው ዮርክ ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቧ 2,000 ዶላር ከፍሎ ተስማማ። በዚያ ዘመን ያደገ የአይቲ ባለሙያ ዛሬ የክፍል ኃላፊ ነው። ያኔ የተማረውን ጥንቃቄ ይዞ ኖሯል፤ ፕሮግራሞቹ ግን ተለውጠዋል።

የጉዳቱም መጠን የሚናቅ አልነበረም። በ2005 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግሮክስተርና መሰል የፋይል መጋሪያ ኩባንያዎች ላይ በታየው ክስ፣ ከሳሾቹ ያቀረቡት ጥናት ፋስትትራክ በተባለው መረብ ላይ ከሚገኙት ፋይሎች 90 በመቶ ያህሉ የቅጂ መብት የተጠበቀላቸው እንደሆኑ አሳይቷል። ሙዚቀኞቹ ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸውም ትክክል ነበር። የሚገርመው ግን ፍርድ ቤቱ በዚህ ቁጥር ፊት እንኳ ዘዴውን አልኮነነም። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የወሰኑት፣ ሰው መብት እንዲጥስ በግልጽ እያበረታታ መሣሪያ የሚያከፋፍል ይጠየቃል ብለው ነው። ያዩት የኩባንያዎቹን ማስታወቂያ፣ የውስጥ ደብዳቤና የትርፍ ምንጭ ነው። ከዚያ በፊት በ1984 ያው ፍርድ ቤት የሶኒን የቪዲዮ መቅረጫ በተመለከተ፣ በቂ ሕጋዊ ጥቅም ያለው መሣሪያ አንዳንዶች ለጥፋት ስላዋሉት ብቻ አይወገዝም ብሎ ነበር። ይህ መርህ አልፈረሰም። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ጠንቅቆ የለየውን ነገር የጥገና ጠረጴዛ ላይ ስንደርስ ለምን እንደምናደባልቀው አይገባኝም።

የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ መለስ ብለን ብንመለከተው ለዚህ ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ ነፃ የሆነው ይህ ትርጉም በብሪታንያ ዛሬም በዘውዱ ፈቃድ የሚታተም ነው። ያው ፋይል፣ በያው ፕሮግራም፣ አንድ ባሕር ተሻግሮ የተለየ ሕግ ይጠብቀዋል። የሕጋዊነት ጥያቄ ከቴክኒክ ጥያቄ ተለይቶ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ማን ሠራው? መቼ? ምን ዓይነት ፈቃድ ሰጠ? የሚጠይቀው ሰው ያለው የት ነው?

በእኛ አገር ያለው ግራ መጋባት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄዳል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ እንኳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በአማርኛ መጻሕፍት ላይ ዛሬ የሚደርሰው ዘረፋ ግን በአብዛኛው ከቶረንት ጋር አይገናኝም። በሕይወት ያሉ ደራሲያን ያሳተሙት መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስካነር ተነሥቶ በቴሌግራም ቻናል ይለጠፋል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያወርደዋል፤ ‹‹ስለ መልካምነትህ እናመሰግናለን›› የሚል አስተያየት ከሥሩ ይደረደራል። ፋይሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መቀባበል የለበትም። ቀደም ሲልም በየሰፈሩ ሱቅ ሜሞሪ ካርድ ተቀብሎ የድምፃውያንን አልበም በጥቂት ብር መሙላት የተለመደ ሥራ ነበር። ለእነዚህ ‹‹ሕገወጥ ነው፣ አልነካውም›› ሲባል እምብዛም አልሰማሁም። የመጽሐፉን ፒዲኤፍ በቴሌግራም ያለ ሐሳብ የሚያስተላልፈው ሰው፣ ሊነክስን በቶረንት ለማውረድ ሲጠየቅ ፊቱን ያጠቁራል። ደራሲው ሁለት ዓመት ደክሞ ያሳተመው መጽሐፍ እየተዘረፈ ዝም፤ አዘጋጆቹ ‹‹ውሰዱት፣ አባዙት›› ያሉት ሶፍትዌር ላይ ጥርጣሬ። በዚህ ሁኔታ ደራሲም አይጠበቅም፣ ተማሪም አይጠቀምም።

ታዲያ ለእርዳታ የተጠራ ሰው ምን ይበል? መጀመሪያ የሚወርደው ምን እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱ በቅርቡ የወጣ ፊልም ከሆነ፣ በአጭሩ አልረዳም ማለት መብቱ ብቻ ሳይሆን ተገቢም ነው። ሊነክስ፣ ነፃው የቢሮ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ ወይም የኢንተርኔት አርካይቭ ስብስብ ከሆነ ግን ሥራውን ይሥራ፤ ጠያቂውን እንደ ተጠርጣሪ አይመልከተው። በቀና ልብ የጠየቀ ሰው እንደ ሌባ ተቆጥሮ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ምክር ፍለጋውን ይተውና የመጀመሪያውን አጠራጣሪ ገጽ ከፍቶ፣ ያገኘውን ፕሮግራም ይጭናል። ጥንቃቄ ተብሎ የተነገረው ቃል አደጋው ውስጥ ይከተዋል።

ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ግን ሳይነገሩ መቅረት የሌለባቸው እውነተኛ ጥንቃቄዎች አሉ። በዚህ ዘዴ የሚያወርድ ሰው የኢንተርኔት አድራሻው፣ አይፒ የሚባለው ቁጥር፣ ያንኑ ፋይል ለሚለዋወጡት ሁሉ ይታያል፤ በሕጋዊ ፋይል ላይ የሚያስፈራ ነገር ባይሆንም ሊያውቀው ይገባል። ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ሲያወርድ ይልካልም፤ የሚላከውም ከጥቅሉ ይቆረጣል። በሞባይል የዳታ ጥቅል 6 ጊጋባይት ያወረደ ሰው ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ቢተኛ ጠዋት ቀሪ ሒሳቡን ባዶ ሊያገኘው ይችላል። የዊንዶውስ ማሻሻያም ይህንኑ እንዳያደርግ በማሻሻያ ቅንብሮች ውስጥ በኢንተርኔት ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች መስጠትን ማጥፋት ይቻላል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ላሉት ብቻ እንዲያቀባብል መተው ግን ትልቅ ቁጠባ ነው። ሃያ ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አንዱን ማሻሻያ ሃያ ጊዜ ከውጭ ከማምጣት ይድናል።

ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን ለማንበብ የሚያስችለው ኪዊክስም ፋይሎቹን በቶረንት ጭምር ይሰጣል። የእንግሊዝኛው ሙሉ ቅጂ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በተለመደው መንገድ ማውረዱ እዚህ አገር የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል፤ የአማርኛው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ትልቁን ፋይል በወር ክፍያ ያለ ገደብ በሚሠራ መስመር ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቢሮ በየሌሊቱ እየቀጠለ በሳምንታት ውስጥ ጨርሶ ሊያወርደው ይችላል። ከዚያ በኋላ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ኢንተርኔት ወደማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ለመሄድ የማንንም ተጨማሪ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ምንጩ ከነፈቃዱ እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲያባዛው የተሰጠ ነው። ያንን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ኃላፊ መስመሩን በፕሮግራሙ ስም ብቻ እንዳይዘጋው ነው።